እማዬን የትኛው መጦሪያ ላስገባት?

የግንፍሌዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

እማዬ 78 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። አሁን ደግሞ መርሳቱ ባሰባት። ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ እኔ ጋ ግንፍሌ መጣች። የስንት ዓመት ጎረቤቶቿ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ። አመሻሽ ላይ ነጠላዋን ታጣፋና «በሉ እንግዲህ፣ እኔ ወደ ቤቴ ልሂድ» ትላለች። ቤቱ የለም። ይህንን በየቀኑ እንደ አዲስ ማርዳት ከበደኝ።

ባለፈው ወር ሠራተኛዋ ሱቅ ብቅ ስትል እማዬ ወጥታ ሄደች። ኡራኤል አካባቢ የሚያውቃት ሰው አግኝቶ አመጣልኝ። ሠራተኛዋም «ይህን ኃላፊነት አልችልም» ብላ ለቀቀች። አልፈርድባትም።

ሁለት ቦታ አይቻለሁ። አንዱ ከቤቴ በእግር 20 ደቂቃ ነው፤ አሮጌ ቪላ፣ ቀለሙ የተላጠ። ሌላው ለገጣፎ መንገድ ላይ ያለ አዲስ ጂ ፕላስ ሦስት ነው፤ ሆቴል በሉት። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ቪዲዮውን አይቶ «ከለገጣፎው ውጪ አልሰማም» ብሏል። ከፋዩ እሱ ነው። ምን ልይ? ምን ልጠይቅ? እውነቱን ለመናገር የሰው አፍም ፈርቻለሁ።

ነርስ ነኝ

አይዞሽ እህቴ። ብዙ ዓመት ሆስፒታል ሠርቻለሁ። ከመጦሪያ የመጡ አረጋውያን ሲገቡ መጀመሪያ የማየው ተረከዛቸውንና ከወገብ ዝቅ ብሎ ያለውን አጥንት ነው። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው እዚያ ነው። ከአልጋ የማይነሳ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለበት። እናትሽ ዛሬ ይራመዳሉ፤ ነገ ግን አይታወቅም። «ታገላብጣላችሁ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፣ መልሱ «አዎ» ነው። የሚመዘግቡበትን ወረቀት አሳዩኝ በይ። የትናንት ሌሊቱን። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማን ፈረመ? አንዳንድ ቦታ ጠዋት ቁጭ ብለው የሌሊቱን ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ ይሞሉታል። ያስታውቃል።

የስኳሩ ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። መርሳት ያለበት ሰው መርፌውን ወስዶ ምግቡን «በልቻለሁ» ሊል ይችላል። ስኳሩ ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባጥራል። ተንከባካቢዋ ካልገባት «ያው መርሳቱ ነው» ብላ ታልፈዋለች። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁን ተዪውና አልጋ የምታነጥፈዋን ልጅ ጠይቂያት፦ «ተወግታ አልበላም ብትልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ቶሎ ስኳር ወይም ጁስ እሰጣታለሁ፣ እለካታለሁ፣ ነርስ እጠራለሁ ካለችሽ ጥሩ ነው። ሥራ አስኪያጁን ቀና ብላ ካየች ደግሞ መልሱን አግኝተሻል። ራሷን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ይህንንም ይወቁት።

መብራት ሲጠፋ የኢንሱሊኑ ፍሪጅስ? ጄኔሬተር አለ ቢሉሽ አስነሱልኝ በይ። የውሃ ፈረቃቸው መቼ መቼ ነው፣ ሮቶው ምን ያህል ይይዛል? ዳይፐር በሚቀየርበት ቤት ውሃ ሦስት ቀን ከጠፋ ሽታው ከበር ይቀበልሻል። በነገራችን ላይ በረኪና በረኪና የሚል ቤትም ደስ አይለኝም። ምን ሊሸፍኑ ነው እላለሁ።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም አረጋውያን አንቀላፍተው ካገኘሽ ምን መድኃኒት እንደሚሰጡ ጠይቂ። ወንበር ላይ በነጠላ የታሰረ ሰው ካየሽ ሳትሰናበቺ ውጪ።

የጉለሌ ልጅ

እኔ አባቴን ሁለት ቦታ አስገብቼ አይቻለሁ። የመጀመሪያውን ስሙን አልጠራም። ሩቅ ነበር፣ ያምር ነበር። እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። እሁድ ሁሉም ነገር ያበራል፣ አባዬ ተላጭቶ፣ ሸሚዝ ለብሶ ይጠብቀኛል።

አንድ ረቡዕ ለሥራ በዚያ በኩል ሳልፍ ምሳ ሰዓት ላይ ገባሁ። ጾም ነው፣ ሽሮ ቀርቧል። አባዬ እንጀራውን ጠቅልሎ እያላመጠ ያወጣዋል። ጥርሱ የለም! ሰው ሠራሽ ጥርሱን ፈልጌ ፈልጌ የጎኑ ሽማግሌ አልጋ ራስጌ፣ ብርጭቆ ውስጥ አገኘሁት። አባዬ ለእሱ የሰጡትን የሌላ ሰው ጥርስ ሞክሮ «አልሆነኝም» ብሎ ኪሱ ከቶታል። እሱ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ቢሆንም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሰው አንሷቸው ነው። ቀን አራት፣ ሌሊት አንድ። ስለዚህ ስንት ሠራተኛ አላችሁ ሳይሆን ሌሊት ስንት ሰው ነቅቶ ያድራል ብለሽ ጠይቂ። ዘበኛው አይቆጠርም።

ሁለተኛው ቦታ ቅርብ ነበር። ከሥራ ስወጣ አስር ደቂቃም ቢሆን ብቅ እላለሁ። መቼ እንደምመጣ ስለማያውቁ ሁልጊዜ ዝግጁ ናቸው። ለገጣፎ በታክሲ ተቀያይረሽ፣ ሰልፉ፣ ዝናቡ... በመጀመሪያው ወር ሦስቴ ትሄጃለሽ፣ በስድስተኛው ወር አንዴ። ሰው ስለሆንሽ እንጂ ክፉ ሆነሽ አይደለም። ቀለም ይቀባል፣ መንገድ ግን አያጥርም። ለወንድምሽም በቪዲዮ ሽታ አይላክም በይው።

የልጅ ልጅ ያየሁ

ልጄ፣ ብትቆጪም ልናገር። እናት ጧሪ ቀባሪ ብላ ነው ልጅ የምትወልድ። ልጅ እያላት በገንዘብ ትጦር? ከዘመድ አንዲት ልጅ አምጪና እቤትሽ ያዣት።

የጉለሌ ልጅ

እማማ፣ ልክ ነዎት፣ ወጉ እንደዚያ ነው። ግን ድሮ ቤት ውስጥ አምስት ሰው ይውል ነበር። ዛሬ በሩን ቆልፈን ነው ሥራ የምንሄደው። ከዘመድ የምትመጣዋ ልጅስ ትምህርቷን ትታ ስኳር ስትለካ ትዋል?

የልጅ ልጅ ያየሁ

እሱስ እውነትህን ነው። እንግዲህ ካስገባሻት የራሷን ጋቢ፣ የራሷን ሲኒ፣ የምትሳለማትን ሥዕል ይዘሽላት ግቢ። የንስሐ አባቷ መምጣት ይችሉ እንደሆነ ጠይቂ። እድሯን እንዳታቋርጪ! መዋጮውን አንቺ ክፈዪ። እድሩ ቢበተንም ሰዎቹ አሉ። በ22 ለኡራኤል ብታወጫት ደግሞ እዚያ የምታውቃቸውን ታገኛለች።

ጥብቅና ላይ ነኝ

አጭር ላድርገው። ፈቃዳቸውን ዋናውን አሳዩኝ በይ፤ የንግድ ፈቃድ ብቻ ነው ወይስ መርፌ የሚወጋ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አላቸው? ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ወርሃዊው ክፍያ ውስጥ ዳይፐር፣ መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒ አለበት? ዋጋ ሲጨምሩ ከስንት ጊዜ በፊት ያሳውቃሉ? ሆስፒታል ብትተኛ የዚያን ወር ያስከፍላሉ? በወሩ መሃል ብታስወጫት ቅድሚያ ክፍያው ይመለሳል? ድንገት ቢያማት ወዴት ነው የሚወስዷት፣ ለማንስ ይደውላሉ? የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንደሆነ እዪ።

ጡረታዋን የምታወጪበት ውክልና ከሌለሽ ዛሬ ነገ አትበይ። ውክልና የሚሰጠው የሚፈርመውን የሚያውቅ ሰው ነው። መርሳቱ ከገፋ በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚት ማሾም ይመጣል። ወንድምሽንም ደግሞ አመስግኚው እንጂ አትፍሪው። በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የተቸገረ ወላጅን መቀለብ የልጆች ሁሉ ግዴታ ነው። የከፈለ ሁሉ ብቻውን አይወስንም።

አላፊ አግዳሚ

መቄዶንያ ብትሞክሪስ?

ነርስ ነኝ

መቄዶንያ ማንም የሌላቸውን፣ ከጎዳና የወደቁትን ነው የሚያነሳው። አንቺ መክፈል ከቻልሽ አልጋውን ለእነሱ ተዪላቸው። ይልቅ አንድ ቀን ሄደሽ አረጋውያኑን እጠቢ፣ አብሊ። እጅሽ ይለምዳል። ሌላ ቦታ ስትሄጂ ምን እንደምታዪ ታውቂያለሽ።

የግንፍሌዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሳልደውል ሁለቱም ጋ ሄድኩ።

ለገጣፎ ዘበኛው «የጥየቃ ሰዓት አልፏል» ብሎ በሩን አልከፈተም። ላሳድራት ያሰብኩበት ቤት ነው ብለውም ሥራ አስኪያጁን ካላገኘሁ አለኝ። ስልኩ አይነሳም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው «አቤት፣ አቤት» ይላል። ቆሜ ሰማሁ። ማንም አልመጣለትም።

ቅርቡ ቪላ ከፈቱልኝ። አንዷ ልጅ የአንዲት እናት እግር ላይ ቫዝሊን ትቀባለች፣ እያወሩ ነው። የኢንሱሊኑን ጥያቄ ጠየቅኳት። «መጀመሪያ ምግቡን ቀርቦ አያለሁ፣ ከዚያ ነው የምትወጋው» አለችኝ። ይህን እንኳ አልጠየቅኳትም ነበር! ጉድለትም አለ። የመታጠቢያ ቤቱ መደገፊያ ይነቃነቃል፣ ሴራሚኩ ያንሸራትታል፣ ጄኔሬተር የላቸውም። መደገፊያውን ሳያጠብቁ እንደማላመጣት ነገርኳቸው። ለኢንሱሊኑ በረዶ መያዣ እኔ እገዛለሁ። ወንድሜ ተቆጣ፣ ስልኩን ዘጋ፣ ከሰዓት በኋላ ደውሎ «ውሉን ላኪልኝ» አለ። ለአንድ ወር ልንሞክር ተስማምተናል።

ዛሬ ለማለማመድ ብዬ እማዬን ይዣት ሄድኩ። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን እንደተለመደው ነጠላዋን አጣፋች። «ወደ ቤቴ ልሂድ።» እኔ እንደ ልማዴ ላስረዳት አፌን ስከፍት ልጅቷ ቀደመችኝ፦ «እሺ እማማ፣ ቡናው ይድረስና አብረን እንሄዳለን።» እማዬ ተቀመጠች። ረከቦቱ ቀረበ። አቦሉን ጠጥታ ቶናው ሳይደርስ የሄደችበትን ረሳችው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የጥርሱን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በልብሶቿና በጋቢዋ ላይ ስሟን የሚጠልፍልኝ ልብስ ሰፊ አራት ኪሎ አካባቢ የምታውቁ?