የቡና አበባ ሽታ በጂሲ-ኤምኤስ፦ ሄክሰናል በዛብን

ሰላም ለሁላችሁ። የአበባውን ሽታ በጂሲ-ኤምኤስ (የሽታ ውህዶችን ለያይቶ በሞለኪውላቸው ክብደት በሚለይ መሣሪያ) ለመለካት ጅማ ላይ የቡና አበባ ቆርጠን፣ 1 ግራም በ20 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ፣ 60 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ በኤስፒኤምኢ ፋይበር (ሽታውን ከአየር በሚስብ ቀጭን ዘንግ) ሰበሰብን። ሊናሉል (የአበባ ሽታ ያለው ውህድ) አለ፤ ሄክሰናል (የተቆረጠ ሣር የሚሸት ውህድ) ግን ዋጠው። በክብደት መለኪያው (m/z) 207 እና 281 የሚያሳዩ ፒኮችም (በውጤቱ ግራፍ ላይ የሚወጡ ጫፎች) አሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሄክሰናል በአብዛኛው የቁስሉ ሽታ ነው፤ ህብረ ህዋሱ ሲቀደድ ከቅባት አሲድ ይፈጠራል። አትቁረጡት። ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ሙቀት በሚችል የመጋገሪያ ከረጢት ሸፍናችሁ ፋይበሩን አስገቡ። ባዶ ከረጢትም ለብቻው ይለካ፤ አለበለዚያ የፕላስቲኩን ሽታ ለአበባው ትሰጡታላችሁ። መቁረጥ ግድ ከሆነ 40 ዲግሪ ይበቃል፣ 60 እኮ ይቀቅለዋል።

መልስ፦ 207 እና 281 ሲሎክሳን (ከሲሊኮን የሚወጣ ውህድ) ነው፤ ከሴፕተም (ናሙና ከሚገባበት የጎማ ክዳን)፣ ከኮለም (ውህዶቹ ከሚለያዩበት ቀጭን ቱቦ) ወይም ከፋይበሩ። ሴፕተም ቀይሩ፣ ባዶ ብልቃጥ አስኪዱ።

መልስ፦ የላይብረሪውን (የመሣሪያው የውህዶች መዝገብ) ስም ብቻ አትመኑ፣ ተርፒኖች (እንደ ሊናሉል ያሉ የእፅዋት ሽታ ውህዶች) ይመሳሰላሉ። በአልኬን (alkane) ድብልቅ ሪቴንሽን ኢንዴክስ (ውህዱ ከኮለሙ የሚወጣበትን ጊዜ ከአልኬኖቹ ጋር የሚያነጻጽር ቁጥር) አስሉ፤ ሊናሉል ዲቢ-5 በሚባለው የኮለም ዓይነት ኢንዴክሱ 1100 አካባቢ ነው።