ቤተሰብ የትምህርት ቤቱን ወሬ ከማን ይስማ? የጋራ ሐሳብ ለማርቀቅ የተከፈተ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ (የ8ኛ ክፍል እናት፣ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ሰላም ለሁላችሁ። ርዕሰ መምህሩ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረታችን አንድ የጋራ ሐሳብ ጠይቀዋል። የመጪው ዓመት የትምህርት ቤት ማሻሻያ ዕቅድ ሳይዘጋ ይድረሰኝ ብለዋል። ጥያቄው አንድ ነው፦ 7ኛና 8ኛ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ነገር ቤተሰብ እንዴት ይወቀው?

እኔ ልጀምር። አሁን ትምህርት ቤቱ የሚፈልገን ለሁለት ነገር ነው። ልጁ ሲያጠፋ "ወላጅ አምጣ" ይባላል። መዋጮ ሲኖር ደብዳቤ ይላካል። ከዚያ ውጭ ዝም ነው። 7ኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች ደግሞ ከየሰፈሩ አንደኛ ደረጃ ተሰባስበው የመጡ ናቸው። ድሮ ከ1ኛ እስከ 8ኛ አንድ ግቢ ነበር፤ ዘበኛው ሳይቀር ያውቀን ነበር። አሁን አንደኛ ደረጃ 6ኛ ላይ ያልቃል፤ መካከለኛው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ወላጅ የመምህራኑን ስም እንኳ ሳይይዝ ልጁ ለ8ኛው ፈተና ይቀመጣል።

ሐሳብ ያላችሁ ጻፉ። መጻፍ የማይመቸው ይደውልልኝ፤ እኔ እጽፍለታለሁ።

ባጃጅ ነጂ አባት (ገንደ ቆሬ)

አቦ፣ መጀመሪያ የቴሌግራም ግሩፑን አስተካክሉልን። ጠዋት ስከፍተው ጁምዓ ሙባረክ፣ መልካም ሰንበት፣ የሚሸጥ ፍሪጅ፣ የጠፋ መታወቂያ። ሰላምታ አልጠላም፤ ድሬ ነው ያለነው። ግን "ሐሙስ ግማሽ ቀን ነው" የሚለውን መልእክት ከፍሪጁ ሥር ተቀብሮ ያገኘሁት ዓርብ ነው።

ቻናል ይከፈት። ቻናል ላይ ትምህርት ቤቱ ብቻ ይለጥፋል፤ ሌላው ያነባል። ደግሞ ግሩፕ ውስጥ ማን ማን እንዳለ ሁሉም ያያል። ቻናል ላይ የተከታዮቹን ዝርዝር የሚያየው አስተዳዳሪው ብቻ ነው። እናቶች ከማያውቁት ሰው መልእክት ሲመጣባቸው ምክንያቱ ያ ግሩፕ ነው። ግሩፑ ለጨዋታ ይቆይ፤ ማንም አይዘጋውም።

እናት፣ አሸዋ ገበያ (ደውላ የነገረችኝ ነው፤ ሰብሳቢ)

የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። ወረቀት ሲመጣም የምታነብልኝ ልጄ ናት። እንግዲህ አስቡት። "ጎበዝ ናት" የሚል ከሆነ ጮክ ብላ ታነባለች። ሌላ ከሆነ "ምንም አይልም እማ" ትለኛለች። አልፈርድባትም፤ እኔም በእሷ ዕድሜ ብሆን የማደርገው ያንኑ ነው። ግን ወሬው ሁሉ በልጅ አፍ ብቻ እየመጣ ወላጅ ያውቃል አይባልም።

ሰው ይደውልልኝ፤ ወይ ሰው ይንገረኝ። አሸዋ ውስጥ የዚያ ትምህርት ቤት እናቶች ብዙ ነን። ለአንዷ ጠዋት ከተነገረ እስከ ምሳ ሰዓት ሁላችንም ሰምተናል። ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ስብሰባ አትጥሩ። ገበያው የሚደምቀው ያን ቀን ነው።

ሰብሳቢ

ይህችን ሐሳብ ከሁሉ በላይ አስቀምጣታለሁ። ከእንግዲህ የሚመጣውን ሁሉ በእሷ እንመዝነው፦ ልጁ መካከል ላይ ባይኖር ወሬው ይደርሳል ወይ?

የሒሳብ መምህር፣ የክፍል ኃላፊ

እናታችን ያሉት እውነት ነው። የመምህራኑንም ስሙን። እኔ የአንድ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ በሌሎች ክፍሎች ደግሞ ሒሳብ አስተምራለሁ። ማታ 3 ሰዓት የሚደውል ወላጅ አለ። የምደውልበት ካርድ ከኪሴ ነው። "መምህሩ ለሁሉም ወላጅ በየሳምንቱ ይደውል" የሚል ዕቅድ ካወጣችሁ ጥቅምት ሳያልቅ ይሞታል።

የምንችለውን ልንገራችሁ። በየጠዋቱ ስም ይጠራል። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ማን እንደቀረ ይታወቃል። ያ መዝገብ ግን ወላጅ ዘንድ የሚደርሰው ጥር ላይ ነው፤ በሰርተፍኬቱ ጥግ፣ የቀረበት ቀን ተብሎ። ዩኒፎርም ለብሶ ከቤት የወጣ ልጅ ደቻቱ ወንዝ ዳር ሲጫወት ውሎ በሰዓቱ ቤት ይገባል። እናትም ተምሮ መጣ ብላ ምሳ ታቀርባለች። ፎርፌ እንዲህ ነው የሚለመደው።

ስለዚህ የቀረ ልጅ ካለ በዚያው ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ወደ ቤቱ ይደወል። ደዋዩ ቢሮው ይሁን፤ ስልኩም የትምህርት ቤቱ። የሚደወለው ለቀሩት ብቻ ስለሆነ ሥራው ያን ያህል አይከብድም። ሌላው የሳምንቱ ወሬ አንድ ገጽ ይበቃዋል።

ይህ ሐሳብ የት እንደሚገባም አስቡበት። የማሻሻያ መርሐ ግብሩ አራት ዐቢይ ርዕስ አለው፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራር፣ የማኅበረሰብ ተሳትፎ። አራተኛው ሥር ካስገባነው ወረቀትና የስልክ ካርድ ከድጎማው መጠየቅ እንችላለን። በቃል ከቀረ ማንም በጀት አይዝለትም።

ነርስ እናት (አዲስ ከተማ)

የቀሪውን ስልክ እደግፋለሁ፤ ከጤናም አንጻር። በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያጥለቀልቅ ስንቱ ቤት እንደተኛ ታስታውሳላችሁ። ዴንጊም ይመጣል። ከአንድ ክፍል ብዙ ልጅ በትኩሳት መቅረቱን ቢሮው በዚያው ቀን ካወቀ ጤና ጣቢያው ቶሎ ይሰማል። ሲደወል "ለምን ቀረ" ብቻ ሳይሆን "ምን አመመው" ተብሎ ይጠየቅ።

አያት፣ የባቡር ጡረተኛ (ከዚራ)

ልጆቼ፣ እኔ የልጅ ልጄን ነው የማሳድገው። እናቱ ጅቡቲ ናት። ቅጹ ላይ የተጻፈው ስልክ የእሷ ነው። ባለፈው ግቢ ውስጥ ወድቆ እጁ ሲጎዳ ጅቡቲ ተደወለ። እሷ እያለቀሰች ለእኔ ደወለች። እኔ ያለሁት መንገድ ተሻግሬ። ቅጹ ላይ "በቅርብ የሚገኝ አሳዳጊ" የሚል መስመር ይጨመር። በመንፈቀ ዓመቱም ቁጥሩ ይታደስ፤ ሰው ሲም ይቀይራል። እናቲቱ ቻናሉን ከጅቡቲ ብትከታተል ደስ ይለኛል፤ ናፍቆቷንም ያቀልላታል።

ሌላው ደቻቱ ነው። የ1998ቱን ጎርፍ ያየን ሰዎች ይህን ወንዝ አናምነውም። እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበው ሞልቶ ይመጣል። ጠዋት በደረቅ አሸዋ ያቋረጠ ልጅ ከሰዓት ውኃ ይጠብቀዋል። 1998ቱ በክረምት ነበር፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። በልግ ሚያዝያ ላይ ሲበረታ ግን ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው። ያን ቀን "ልጆቹን ግቢ አቆይተናል፣ መጥታችሁ ውሰዱ" የሚል ቃል ወዲያው መድረስ አለበት። የዓርብ ወረቀት ለዚህ አይሆንም። ቻናሉም ብቻውን አይሆንም።

ባጃጅ ነጂ አባት

አባባ ልክ ነዎት። ለዚያ የስልክ ሰንሰለት ይሻላል። ቢሮው ለክፍል ተወካዮች ይደውላል፤ ተወካዩ ለሰፈሩ። እኔ ገንደ ቆሬን እይዛለሁ። ባጃጄም አለች፤ የማይደረስበትን ቤት ደርሼ እነግራለሁ።

አባት (መጋላ)

የእኛ ቤት ሶማሊኛ ነው። እኔ ሥራ ቦታ አማርኛ እናገራለሁ፤ ባለቤቴ ግን ስብሰባ ላይ ተቀምጣ ግማሹን ነው የምትሰማው። አጠገቤ ያሉት ቤቶች ኦሮምኛ ነው የሚያወሩት። ወረቀቱ በሦስት ቋንቋ ይታተም ብል ወጪው ያስደነግጣችኋል። ድምፅ ይሁን። አንድ ደቂቃ በአማርኛ፣ አንድ ደቂቃ በኦሮምኛ፣ አንድ ደቂቃ በሶማሊኛ። የሚኒ ሚዲያ ልጆች በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያው እያወሩ ነው፤ ይኸው ተሰጥኦ ተቀምጦ። እነሱ ይቅረጹት።

የሒሳብ መምህር

ጥሩ ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ መምህር ሳያዳምጠው ግን አይውጣ። የፈተና ቀን በአንዱ ቋንቋ ማክሰኞ፣ በሌላው ረቡዕ ተብሎ ቢነገር ጉድ ነው።

የተማሪዎች ተወካይ፣ 8ኛ ክፍል

ቲቸር ይቅርታ፣ እኔም ልናገር። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ "በየቀኑ ልንከሰስ ነው" ብለዋል። ለቀሪው መደወሉን አንቃወምም፤ ደስ ባይለንም። ግን ውጤትና ደረጃ በስም አይለጠፍ። የአንድ ክፍል ግሩፕ ላይ ከ1ኛ እስከ መጨረሻው ወጥቶ፣ መጨረሻ የሆነው ልጅ ከዚያ በኋላ ክፍል መግባት አፈረ። ፎቶም ሳንጠየቅ አይውጣ።

ደግሞ ደግ ወሬም ይነገር። የሳይንስ ክበብ የሠራው፣ በመረብ ኳስ ያሸነፈው ክፍል፣ የተከልነው ዛፍ። ቤት ስንገባ "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ትሉናላችሁ፤ እኛም "ምንም" እንላለን። ከየት እንደምንጀምር ስለማናውቅ ነው። እናንተ "የዕይታ ጥበብ ላይ ምን ሣላችሁ?" ብትሉን እኮ እናወራለን።

የባንክ ሠራተኛ አባት

ልጄ፣ ሕጉም ካንቺ ጋር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የልጆች ውጤትና ፎቶ እንደ ድሮው ዝም ብሎ የሚበተን ነገር አይደለም። የፎቶ ፈቃድ በምዝገባ ቀን አንድ ፊርማ ነው፤ ያልፈረመ ቤተሰብ ልጅ ፎቶ ውስጥ አይግባ።

አንድ ነገር ልጨምር። የ8ኛ ፈተና ምዝገባ ላይ የልጁ ስም አጻጻፍ ከመላኩ በፊት ለቤተሰብ ይታይ። እዚያ የገባ የፊደል ስህተት በኋላ ባንክ ድረስ ይከተለዋል። መታወቂያው አንድ፣ ሰርተፍኬቱ ሌላ ሆኖበት መስኮታችን ላይ የሚቸገር ወጣት አያለሁ።

ሰብሳቢ

በስልክ የመጡትንም ልጨምር። በከተማው ኤፍኤም ይነገር የሚል አለ። ለጎርፍ እሺ፤ ለወላጅ ስብሰባ ግን ከተማውን ሁሉ ምን አደከመው። የስብሰባው ሰዓት ላይ አልተግባባንም። ቅዳሜ ገበያ፣ እሁድ ቅዳሴ፣ ዓርብ ጁምዓ። ከሰዓት ደግሞ ሙቀቱ። ስለዚህ አንዱ ስብሰባ ሁለት ጊዜ ይደረግ እላለሁ፦ እሁድ ረፋድ ከቅዳሴ በኋላና በሥራ ቀን ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል። ሰው ያመቸው ላይ ይምጣ።

ረቂቁ ይኸው፦

"እኛ የኅብረቱ አባላት ትምህርት ቤቱ ቤተሰብን ችግር ከመድረሱ በፊት እንዲያገኝ፣ ልጁም ብቸኛ መልእክተኛ እንዳይሆን እንጠይቃለን። የቀረ ተማሪ ቤተሰብ በዚያው ቀን ከቢሮ ይደወልለት። ዓርብ ዓርብ የሳምንቱ ወሬ በአንድ ገጽ ይውጣ፤ በበሩ ሰሌዳ በወረቀት፣ በቻናሉ በጽሑፍና በሦስት ቋንቋ በድምፅ። ወሬው የመጪውን ሳምንት ፈተናና ዝግ ቀን፣ ክፍሎቹ የተማሩትንና ክበቦች የሠሩትን ይያዝ። ስልክ ለማይመቻቸው በየሰፈሩና በገበያው ተወካይ ይሰየም። ለድንገተኛ ነገር የስልክ ሰንሰለት ይዘርጋ፤ ሚያዝያ ሳይገባም ይሞከር። የመመዝገቢያ ቅጹ በቅርብ ያለ አሳዳጊን ይያዝ። የልጁ የተከታታይ ምዘና ውጤት ኅዳርና ሚያዝያ ላይ በታሸገ ፖስታ ለአሳዳጊ ይድረስ፤ በስም በአደባባይ አይለጠፍ። የ8ኛ ፈተና ምዝገባ ስም ከመላኩ በፊት ለቤተሰብ ይታይ። መምህራን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አይደወልላቸው።"

እናት፣ አሸዋ ገበያ (በስልክ)

መዋጮውን ረሳሽው። ገንዘብ የሚጠየቅበት ወረቀት ባለፈው የተዋጣው የት እንደገባ አብሮ ይንገረን። ያኔ እኔም ሳላጉረመርም አወጣለሁ።

ሰብሳቢ

ገባ። የተዋጣውና የወጣው ብር በዓርቡ ገጽ ግርጌ ይጻፋል።

የሒሳብ መምህር

እኔ ሁሉንም በአንዴ መጀመር ያሰጋኛል። እስከ ጥር በ7ኛ ክፍል ብቻ እንሞክረው።

የባንክ ሠራተኛ አባት

የእኔ ልጅ መስከረም ላይ 8ኛ ይገባል። ጥር ድረስ ጠብቁ ስትሉኝ ግማሹን ዓመት ነው የምትወስዱብኝ።

የሒሳብ መምህር

እንዲህ ይሁን። የቀሪው ስልክ፣ የስልክ ሰንሰለቱና የፈተናው ስም ለሁለቱም ክፍል ከመስከረም ይጀመር። የዓርቡ ገጽና ፖስታው በ7ኛ ይሞከሩ። ካልደከመን ከጥር በኋላ ወደ 8ኛ እናሳድገዋለን።

የባንክ ሠራተኛ አባት

በዚህ አልከራከርም።

የተማሪዎች ተወካይ

የሚኒ ሚዲያ ልጆችን ጠይቄአቸው እሺ ብለዋል። መቅረጫ ግን የለንም፤ የአንድ መምህር ስልክ ያስፈልገናል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብንቀርጽ ለዓርብ ይደርሳል።

ሰብሳቢ

መቅረጫው ዕቅዱ ላይ በዕቃ ዝርዝር ገብቷል፤ እስኪገዛ በእኔ ስልክ ቅረጹ። ረቂቁን ሰኞ ጠዋት ለርዕሰ መምህሩ አደርሳለሁ። ከዚያ በፊት ለሁሉም ቤት በድምፅ እንዲደርስ እፈልጋለሁ። ኦሮምኛውን አንዲት የ7ኛ ክፍል እናት ይዛልኛለች። ሶማሊኛውን ማን ያነብልኛል?

አባት (መጋላ)

እኔ አነባለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ታርመኛለች፤ የእሷ ሶማሊኛ ከእኔ ይሻላል። ከአሱር ሶላት በኋላ ደውይልን።