የከባድ መኪና ቸርኬ በአሲድ ማንጣት ይከልከል?

ስምሪት ኃላፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምሰራው የከባድ መኪና ስምሪት ላይ ነው። የመኪኖቻችን የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ደብዝዘው ግራጫ ሆነዋል። ላቫጆ ሲገቡ አጣቢዎቹ አንድ ፈሳሽ ይረጩባቸዋል፣ ደቂቃ ሳይሞላ ነጭ ይሆናሉ። ባለፈው ሳምንት ግን ከአጣቢዎቹ አንዱ፣ ገና ልጅ ነው፣ ሌሊት ጣቶቹን አሞት ሐኪም ቤት ገባ። ጀሪካኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩት፤ «አሞኒየም ባይፍሎራይድ» ይላል። አቋሜን ልናገር፦ ይህ ነገር ለላቫጆ እንዳይሸጥ በሕግ መከልከል አለበት። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አንጋፋው ሾፌር፦ እህቴ፣ ለልጁ አዝኛለሁ። ክልከላውን ግን አልደግፍም። ቸርኬ ላይ ያለው ቆሻሻ ተራ ጭቃ አይደለም። ከፍሬን የሚወጣው አቧራ በሙቀት ተጋግሮ ነው የሚይዘው፣ በሳሙና ብቻ አይለቅም። ደግሞ እኛ ሾፌሮች መኪናችንን እንወዳለን። ቸርኬው ሲያበራ ሰው የምንንከባከበው መኪና መሆኑን ያውቃል። የባትሪ ውሃም አሲድ ነው፣ ማንም አልከለከለውም። ጓንት አድርጎ መስራት ነው እንጂ!

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ የባትሪ ውሃ ንጽጽር ነው። የባትሪ አሲድ እጅህን ሲነካው ያቃጥልሃል፣ ወዲያው ትታጠባለህ። አሞኒየም ባይፍሎራይድ ግን ከውሃ ሲቀላቀል ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይሰጣል። ይሄኛው ሲቀጥን መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። እስከዚያ ቆዳውን አልፎ ወደ ውስጥ ገብቷል። እዚያ ካልሲየም እየያዘ ሥጋን ይጎዳል፣ አጥንት ድረስም ሊደርስ ይችላል። መጠኑ ሲበዛ የደም ካልሲየም ይወርድና የልብ ምት ይዛባል። ሰው ይሞታል። ልጁ ቀን ሰርቶ ሌሊት የታመመው ለዚህ ይመስለኛል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2013 ድረስ መኪናና ከባድ መኪና በሚያጥቡ ሰራተኞች ላይ 48 የዚህ አሲድ ቃጠሎዎች ተመዝግበዋል። 7ቱ ሰራተኞች ሆስፒታል ተኝተዋል። እኔ ከክልከላው ጎን ነኝ።

ባለመኪናው፦ ሕግ ማውጣት ቀላል ነው። ከተከለከለ በኋላ ስም በሌለው ጀሪካን ተደብቆ ይሸጣል። ያኔ ነው የባሰው። ለእኔ የሚሻለው ሰልጥኖ ፈቃድ ያገኘ ሰው ብቻ እንዲጠቀምበት ማድረግ ነው።

ላቫጆ ሰራተኛው፦ እኔ በዚህ ሥራ ላይ ነኝ፣ እስኪ የእኛን ነገር ስሙ። ስም የሌለው ጀሪካን አሁንም አለ። እኛ ጋ ከትልቁ በርሜል ወደ ውሃ ፕላስቲክ ይገለበጣል፣ ምንም አይጻፍበትም። ውስጡ ምን እንዳለ የነገረኝ የለም፤ «ማንጫ» ነው የምንለው። ጓንት አለን፣ ግን ስስ ነው፣ በሁለተኛው ቀን ይቀደዳል። በተቀደደ ጓንት ፈሳሹ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ያ ከባዶ እጅ ይብሳል። ጋሼ ሾፌር ጓንት አድርጎ መስራት ነው ብለዋል። እውነት ነው። ግን አንዳንዱ ሾፌር ከኋላዬ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ቶሎ በል ይለኛል። በብሩሽ ልፈግፍግ ብል 30 ደቂቃ አይሰጠኝም። ማንጫውን የምንረጨው ስለምንወደው አይደለም።

አንጋፋው ሾፌር፦ ይሄን ስታነሳ ዝም ማለት አልችልም። እኔም ቶሎ በሉ ብያለሁ። ይቅርታ፣ ወንድሜ።

ፖሊሽ ሰሪው፦ አሁን ደግሞ ከብረቱ በኩል ልምጣ። ሥራዬ የደበዘዘ ቸርኬ መመለስ ነው። አሲዱ ያበራል የምትሉት ነገር ላይ አልስማማም። አሲዱ ያነጣል። ማንጣትና ማብራት ለየብቻ ናቸው።

አሉሚኒየም በላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ኦክሳይድ አለው፣ ከአየርና ከውሃ የሚጠብቀው እሱ ነው። አሲዱ ይህን ሽፋን ከነቆሻሻው ያነሳዋል። ከሥር የሚወጣው ብረት ለጊዜው ንጹህ ይመስላል፣ ግን ተበልቷል። ጥቃቅን ጉድጓዶች ሞልተውታል። ብርሃን ሲያርፍበት ይበተናል እንጂ እንደ መስታወት አይመለስም። ለዚያ ነው ነጭ ሆኖ የማያበራው። ጉድጓዶቹ ደግሞ የሚቀጥለውን ቆሻሻ አጥብቀው ይይዛሉ። በሳምንቱ ተመልሶ ይደበዝዛል፣ እንደገና አሲድ ይፈልጋል። እኔ ጋ የሚመጡት በጣም የተጎዱ ቸርኬዎች በየሳምንቱ ሲነጡ የኖሩት ናቸው። ይሄው አሲድ መስታወት ይበላል። የመኪናው የፊት መስታወት ላይ ከተረጨ ለዘለቄታው ያደበዝዘዋል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። አሲዱን ትታችሁ ወደ ኮስቲክ፣ ማለትም ኃይለኛ አልካሊ ወዳለበት ሳሙና ብትዞሩም አልዳናችሁም። አሉሚኒየም ኃይለኛ አልካሊንም አይችልም፣ ይጠቁራል። ብዙ ሰው ቸርኬዬ አረጀ ይላል እንጂ በሳሙናው እንደተቃጠለ አያውቅም።

ጎሚስታው፦ ሁላችሁም ውበት ላይ ናችሁ። እኔ በየቀኑ ጎማ ነው የምፈታው። ቸርኬ መታጠብ ያለበት ስንጥቅ እንዲታይ ነው። ጭቃ በለበሰ ቸርኬ ላይ ስንጥቅ ማን ያያል? በተለይ የቡሎን ቀዳዳዎቹንና የአየር ማለፊያ ቀዳዳዎቹን ጠርዝ እዩ። ቡሎኑን ከሚያጠብቀው ዳዶ ሥር ተነስቶ ወደ ውጭ የሄደ የዝገት መስመር ካያችሁ ዳዶው ላልቷል ማለት ሊሆን ይችላል። አሲድ ረጭቶ ያንን መስመር ማጥፋት ምልክቱን ማጥፋት ነው። መጀመሪያ ፈትሹ፣ ከዚያ እጠቡ። ፖሊሽ የምታደርጉም ዳዶው የሚያርፍበትንና ቸርኬው ከሃቡ (ከሚታሰርበት የአክስል ጫፍ) ጋር የሚገጥምበትን ፊት አትንኩ። እዚያ ላይ ቀለምም ሰምም መኖር የለበትም፣ ማጥበቂያው ይላላል። ጎማ ተፈትቶ ከታሰረ በኋላም መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶ ዳዶው እንደገና ይፈተሽ።

አንጋፋው ሾፌር፦ እሺ፣ አሲዱን ተውኩት እንበል። ታዲያ የደበዘዘውን በምን ልመልሰው? ይከልከል ማለት ብቻውን አይጠቅመኝም።

ፖሊሽ ሰሪው፦ ትክክል ነህ፣ መልስ ይገባሃል። መጀመሪያ ቸርኬው ይቀዝቅዝ። በጋለ ብረት ላይ ሳሙና ቶሎ ይደርቅና ቅርጽ ይተዋል። በውሃ ግፊት አሸዋውን አውርድ፣ ካልሆነ ብሩሽህ አሸዋውን እያሸ ይጭረዋል። ከዚያ አሲድም ኮስቲክም የሌለበት ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ። የተጋገረውን የፍሬን አቧራ ሳሙናው አርሶት ጥቂት ይቆይ፣ ግን አይድረቅ። ለብዙ ቸርኬ ይሄ ይበቃል፣ በየጊዜው ከተደረገ።

ብረቱ ራሱ ከተበላ ግን ማሸት የግድ ነው። የብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይደቅቃል፦ ከ400 ወይም ከ600 ጀምሮ 800፣ 1000፣ 1500፣ እስከ 2000። ቁጥር አትዝለል። የዘለልከው ጭረት መጨረሻ ላይ ሲያበራ ፊት ለፊት ይታይሃል። ከዚያ በሚሽከረከር የጨርቅ ዲስክ ፖሊሽ፣ መጀመሪያ ሻካራው፣ ቀጥሎ ደቃቁ። በመጨረሻ ሰም ቀባው፣ ውሃና ጨው እንዳያገኘው። አዎ፣ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ግን ወር ሙሉ ያበራል።

ነርሷ፦ የአሉሚኒየሙ ብናኝስ?

ፖሊሽ ሰሪው፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ማስክና መነጽር የግድ ነው። ብናኙ እሳት ይይዛል፣ ስለዚህ አጠገቡ ግራይንደር እሳት እንዳይረጭ። በውሃ ማሸቱ ብናኙን ይቀንሰዋል። የእኔም ሥራ አደጋ የለውም አልልም።

ባለመኪናው፦ ይህን ሁሉ ሰምቼም ክልከላው ብቻውን ይሰራል ብዬ አላምንም። ግን አንድ ነገር ተቀበልኩ፦ ፈቃድ የሌለው ላቫጆ መያዝ የለበትም፣ ስም ያልተጻፈበት ዕቃም መኖር የለበትም።

ላቫጆ ሰራተኛው፦ ነርሷን ልጠይቅ። አሁን ቢነካኝ ምን ላድርግ?

ነርሷ፦ አልታመምኩም ብለህ አትጠብቅ። የነካውን ልብስ አውልቅ፣ በብዙ ውሃ ወዲያው ታጠብ። 2.5 ፐርሰንት ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ካለ በጓንት ደጋግመህ ቀባው፤ አሠሪህ በቅርብ እንዲያስቀምጥ ጠይቅ። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሂድ። የዕቃውን ስም ይዘህ ሂድ፣ ሐኪሙ ተራ ቃጠሎ ነው ብሎ እንዳያልፈው።

ስምሪት ኃላፊዋ፦ እኔ አቋሜን አልቀየርኩም፣ ይከልከል እላለሁ። ሕጉ እስኪመጣ ግን በእጄ ያለውን አደርጋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ መኪኖቻችን ላቫጆ ሲገቡ ማንጫ አይነካቸውም፣ አጣቢውም በቂ ሰዓት ይሰጠዋል። ይህን በስምሪት ወረቀቱ ላይ እጽፈዋለሁ።

አንጋፋው ሾፌር፦ ፖሊሽ ሰሪው፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሁለቱ ቸርኬዎቼ ክሊር፣ ያ ቀለም የሌለው መከላከያ ቅብ፣ የተቀቡ ይመስለኛል። እነሱንም ልሻቸው?

ፖሊሽ ሰሪው፦ ቆይ! ከኋላ በኩል ትንሽ ቦታ ምረጥ። ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ አድርገህ እሸው። ጨርቁ ከጠቆረ ባዶ አሉሚኒየም ነው፣ ማሸት ይቻላል። ካልጠቆረ ክሊር አለው ማለት ነው። እሱን በሳሙና ብቻ እጠበው፣ የብርጭቆ ወረቀት አይንካው።

አንጋፋው ሾፌር፦ ነገ ጠዋት ጭነት ሳልጀምር እሞክረዋለሁ።