ተማሪዎች የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ዳታቤዝ ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ በ90 ደቂቃ ምን ላስተምር?

ጠያቂ፦
የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው፤ ያለኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ። “ማታ ስልክ መጠቀም የወጣቶችን እንቅልፍ እንዴት ይጎዳል” የሚለውን እንዳለ ይጽፉና ወይ ዜሮ ውጤት ወይ የማይገናኝ ነገር ይመጣላቸዋል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጉግል። የምንጭ መመዘኛ ቅጽ ብሰጥም “ደራሲ አለው፣ ቀን አለው” እያሉ ምልክት አድርገው ያልፋሉ። ከየት ልጀምር?

ካታሎገር፦
ከወረቀት ይጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃ ማንም ኪቦርድ አይንካ። ጥያቄውን በሦስት ዓምድ ይክፈሉት፦ ስልክ፣ ወጣት፣ እንቅልፍ። በየዓምዱ ሥር ተመሳሳይ ቃላት ይደርድሩ። “እንዴት” ይውጣ፤ “ይጎዳል” ደግሞ የግድ ይውጣ፣ ምክንያቱም መልሱን አስቀድሞ የወሰነ ፍለጋ ጉዳት አላገኘንም ያሉትን ጥናቶች ያስቀራል። አንድ ዓምድ ውስጥ ያሉት በ“ኦር” (ወይም)፣ ዓምዶቹ እርስ በርስ በ“ኤንድ” (እና) ይያያዛሉ። በእንግሊዝኛ ሲተይቡት ይህን ይመስላል፦

(ቲኔጀር* ኦር አዶለሰን*) ኤንድ (ስማርትፎን* ኦር “ሞባይል ፎን”) ኤንድ ስሊፕ

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቅንፉ ሲረሳ ነው። የሕክምና ጥናቶች ዳታቤዝ የሆነው ፐብሜድ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል፣ ሌሎች “ኤንድ”ን ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ ያው ፍለጋ በየቦታው የተለያየ ውጤት ያመጣል። ማያያዣዎቹን ሁልጊዜ በትልልቅ ፊደል ያስጽፏቸው፤ ፐብሜድ ይህን ይጠይቃል። የቃሉን ማንኛውንም ቀሪ መጨረሻ የምትተካውን ኮከብም (*) ቃሉን በጣም አሳጥረው እንዳያስገቡ፦ “ካት*” ብሎ ድመት የፈለገ ከብትም (ካትል) ካታሎግም ይመጣለታል።

አንድ ደህና ጽሑፍ ሲገኝ መዝገቡን ከፍተው የርዕሰ ጉዳይ ቃላቱን ያሳዩ። ዳታቤዙ ጉዳዩን በምን ስም እንደሚጠራው እዚያ ተጽፏል፤ ሁለተኛው ፍለጋ በዚያ ስም ይሁን። ከሁሉም የሚጠቅመው እርምጃ ይኸው ሆኖ ሳለ ሁልጊዜ ሰዓት አልቆ የሚዘለለውም እሱ ነው።

ሪፈረንስ ዴስክ፦
በዚህ ላይ ማጣሪያዎቹን ልጨምር። “ፒር ሪቪውድ” (በሙያ አቻዎች የተገመገመ) የሚለው ሳጥን የሚያጣራው መጽሔቱን ነው እንጂ እያንዳንዱን ጽሑፍ አይደለም፤ ርዕሰ አንቀጽና የመጽሐፍ ግምገማም አብሮ ያልፋል። “ፉል ቴክስት” (ሙሉ ጽሑፉ ያለው ብቻ) የሚለው ደግሞ በመጀመሪያው ፍለጋ ይጥፋ፤ ቤተ መጻሕፍቱ በሌላ ዳታቤዝ በኩል የሚያገኘውን ጽሑፍ ይደብቃል።

ቅጹን ይተዉት። ተማሪው ገጹ ላይ ተቀምጦ ስለ ገጹ ገጹን ራሱን እየጠየቀ ነው፤ “ስለ እኛ” የሚል ገጽ ማንም ያሳምራል። ይልቅ ሌላ ታብ ከፍቶ ሌሎች ስለ ድርጅቱ ምን እንዳሉ ይፈልግ። ጥሩ መለማመጃ፦ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ እና የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ኮሌጅ። በስም መንትያ ናቸው፣ ድረ ገጾቻቸውም የባለሙያ ናቸው። የመጀመሪያው በ1930 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ትልቁ የሙያ ማኅበር ነው፤ ሁለተኛው በ2002 በአቋም ልዩነት የተነጠለ ትንሽ ቡድን። ልዩነቱ ከገጾቹ ውጭ በሁለት ደቂቃ ይገኛል፤ ገጹ ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ቢቀመጡም አይታይም።

ጠያቂ፦
ዳታቤዝ ውስጥ ያለውስ ተመዝኖ የገባ አይደለም? ያንንም ያጣሩ ማለት አይበዛም?

ሪፈረንስ ዴስክ፦
አይበዛም። ክትባትን ከኦቲዝም ያያያዘው የዌክፊልድ ጽሑፍ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ላንሴት በተባለው የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ነው፤ የተሻረው በ2010። 12 ሕፃናት ብቻ የተጠኑበት ነበር። የወረደ ፒዲኤፍ ስለ መሻሩ ምንም ላይናገር ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ከመጥቀሱ በፊት በ10 የሚጀምረውን ዲኦአይ (የጽሑፉን ቋሚ መለያ) ይዞ የአሳታሚውን ገጽ ይክፈት፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ካታሎገር፦
ለምዘናው ደግሞ የምንጭ ዝርዝር ብቻ አይቀበሉ። የመጀመሪያውን ፍለጋ፣ የተሻሻለውን፣ የሁለቱንም የውጤት ብዛት፣ ምን እንደቀየሩና ለምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ያስረክቡ።