ጥቆማ፦ ጅማ ላይ የሳይክል ፍሬን ዲስክ ማሳደግ ለምትፈልጉ

«ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቁልቁል ስወርድ ፍሬኑ እምቢ ይለኛል፤ ዲስኩን ባሳድገውስ?» ላለው ወንድሜ፦ አሳድገው፣ ግን የፊቱን ብቻ። ቁልቁለት ላይ ክብደትህ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። የኋላውን ብታሳድግ ጎማው ቶሎ ይቆለፍና የጅሬን (ቤተ መንግሥቱ ያለበት ኮረብታ) ቀይ ጭቃ ላይ ትንሸራተታለህ።

የዲስኩ ስፋት (ከዳር እስከ ዳር) ከ160 ወደ 180 ሚሊ ሲሄድ፣ በዚያው በጣትህ ጉልበት 12 በመቶ ያህል የበለጠ ይይዝልሃል። 203 ደግሞ ወደ 27 በመቶ ይጠጋል። ትልቁ ሙቀትም ይችላል። ግን ፎርክህ (የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ) እስከ ስንት እንደሚፈቅድ ሳታይ አትግዛ፤ 180 ላይ የሚያበቁ አሉ። ለጅሬን 180 ይበቃል ባይ ነኝ።

ግዢው ላይ እኔ ጅማ ገበያ ዞሬ ያገኘሁት 160 ብቻ ነው። 180ውን ከመርካቶ አስላክሁ። የመጀመሪያው በአውቶቡስ ሲመጣ ሻንጣ ሥር ገብቶ ሳህን መስሎ ደረሰኝ። ሁለተኛውን አንድ ዘመዴ ሁለት ጣውላ መሃል አስሮ በእጁ ይዞት መጣ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከመግዛታችሁ በፊት ሞዞው (ዲስኩ የሚታሰርበት የጎማው መሃል) በስድስት ብሎን የሚታሰር ይሁን ሴንተርሎክ፣ ማለትም መሃሉ ላይ በአንድ ቀለበት የሚታሰር፣ ለዩ። ዲስኩ ላይ «ሬዚን ፓድ ኦንሊ» (ዲስኩን የሚጨብጠው ሸራ የሬዚን ብቻ ይሁን) የሚል ካለ የብረት ሸራ አታስገቡበት። ክረምቱን ሙሉ የምትነዱ ከሆነ ግን የብረት ሸራ የሚቀበል ዲስክ ፈልጉ፤ የእኛ ጭቃ ሬዚኑን ቶሎ ነው የሚበላው።

አሁን ዲስኩን ወደሚገጥመው ሠሪ። መንገድ ዳር ያሉት ልጆች ለራጂና ለካላማዳሪ እጃቸው ወርቅ ነው፣ በዋጋም አይጎዱም። ዲስክ ላይ ግን አጠገባቸው ቁሙ። ዲስኩ 20 ሚሊ ሲያድግ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን የያዘው) ወደ ውጭ 10 ሚሊ መውጣት አለበት። ለዚህ ነው አዳፕተር፣ ካሊፐሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ማገናኛ፣ የሚያስፈልገው። እኔ ያለ አዳፕተር ሄጄ፣ ሠሪው ሮንዴላ ደራርቦ በድሮው ብሎን አሰረልኝ። ቤት ገብቼ ስፈታው ብሎኑ የነከሰው ሦስት ጥርስ ብቻ ነበር። በዚያ ነው እንግዲህ ቁልቁለት የወረድኩት! አዳፕተሩን ረጅም ብሎን ካለው ጋር ከዲስኩ እኩል እዘዙ። ቶርኖ ቤት ማስቀረጽም ይቻላል፤ ግን ናሙና ይዛችሁ ሂዱ፣ በቃል ተነግሮ የሚቀረጽ ነገር አይደለም። 25 ቁጥር ኮከብ ቁልፍም የራሳችሁን ያዙ፤ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከተሞከረ የብሎኑ ራስ ያልቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ሠሪው ሁሉን ነገር በናፍጣ ማጠብ ይወዳል። ዲስኬን አይነካም በሉ! ናፍጣ የነካው ሸራ አይዝም፣ ይጮኻል። ከመድኃኒት ቤት አልኮል ገዝታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ግሊሰሪን አለው።

ጋራዥ ወስዳችሁ ፍሬን ዘይት ልታስሞሉ ካሰባችሁም ቆም በሉ። ጋራዥ የሚይዘው የመኪናውን ዶት 4 ነው። ሺማኖ የሚባለው ፍሬን የሚጠጣው ግን ሚነራል ዘይት ነው፤ ዶት ከገባበት ውስጡ ያለውን ጎማ ያበላሸዋል። ስራም የሚባለው ሌላው ብራንድ ዶት የሚጠቀም ብዙ አለው፣ እጀታው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ፍሬናችሁ በገመድ ከሆነ ይሄ የዘይቱ ነገር አይመለከታችሁም። እንዲያውም መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩት፣ ምናልባት ዲስክም ላያስፈልግ ይችላል።

አዲስ ዲስክ በገባ ዕለት አይዝም ብላችሁ አትደንግጡ። ሜዳ ላይ ፍጥነት እየሰበሰባችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ፣ 20 ጊዜ ያህል ቀስ አድርጋችሁ ያዙት። ሸራው ዲስኩን ይለምደዋል። ጅሬን ከዚያ በኋላ።