የሴሊካዬ ሂተር ፋን 4 ላይ ብቻ ይሠራ ነበር፣ አሁን እሱም እየተቆራረጠ ነው

የሱሉልታዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በፈረንጆቹ 1988 የተሠራች ቶዮታ ሴሊካ አለችኝ። አባቴ ነው የተወልኝ፣ ሞተሯ እስከዛሬ አላስቸገረኝም። ችግሬ የሂተሩ ፋን ነው። ባለፈው ክረምት 1፣ 2 እና 3 ላይ መንፋት አቆመ። 4 እስከሠራ ድረስ ብዬ ተውኩት። ዘንድሮ ግን 4ም መቆራረጥ ጀመረ። ጠዋት ሳስነሳት ዝም ይላል፣ ከተሳፋሪው ፊት ካለው ኪስ ሥር በእጄ መታ መታ ሳደርገው እየጮኸ ይነሳል።

የምኖረው ሱሉልታ፣ የምሠራው ፒያሳ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንጦጦን ተሻግሬ በአዲሱ ገበያ እወርዳለሁ። በሐምሌ ያንን መንገድ የምትመላለሱበት ታውቁታላችሁ፣ ከውጭ ጉም፣ ከውስጥ የመስታወቱ ላብ። አንድ እጄ መሪ ላይ፣ አንድ እጄ ፎጣ ላይ ሆኖ ነው ቁልቁለቱን የምወርደው። ሰኞ ዕለት ከፊቴ የቆመ አይሱዙ ያየሁት ልገባበት ትንሽ ሲቀረኝ ነው። እስካሁን ልቤ አልተመለሰም።

ሰፈር ውስጥ አንድ ጋራዥ አሳየሁት። ፊውዙን በትልቅ ቀይሮ "ይኸው ሠራ" ብሎ ሸኘኝ። ከዚያ በኋላ ነው የተቃጠለ ፕላስቲክ መሽተት የጀመረው። ፋኑን ልቀይር? ሽቦ ይሆን? ዳሽቦርዱ በሙሉ መፈታት አለበት ያሉኝም አሉ፣ እሱን ባላስነካ ደስ ይለኛል።

ቡራዩ ኮሮላ፦

ወንድሜ ይሄ የፋኑን ፍጥነት የሚቀንሰው ሬዚስተር ነው፣ አትድከም። የኔም ኮሮላ 4 ላይ ብቻ ነበር የሚነፋው። ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ገዛሁ፣ በሁለት ብሎን ነው የሚያዘው፣ በ10 ደቂቃ ገጠምኩት። አልደብቅህም፣ በሁለተኛው ወር ግን ተመልሶ ተቃጠለ። ምክንያቱ እስካሁን አልገባኝም።

የሱሉልታዋ፦

እህት ነኝ :) አመሰግናለሁ። ግን ሬዚስተር ከሆነ ስመታው ለምን ይነሳል?

የድሮ ኤሌትሪክ ሠራተኛ፦

ጥሩ ጠየቅሽ። የመኪና ኤሌትሪክ ስሠራ 30 ዓመት አለፈኝ። ከሁሉ በፊት ያንን ትልቅ ፊውዝ ዛሬውኑ አውጪው። ነገ አትበዪ። ፊውዝ የሚጠብቀው ፋኑን አይደለም፣ ሽቦውን ነው። ትልቅ ሲገባበት ቀድሞ የሚቀልጠው ሽቦው ይሆናል። የሸተተሽም እሱ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው አምፔር የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ተጽፏል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። 1፣ 2 እና 3 ላይ ኤሌትሪኩ በሬዚስተሩ ጥቅል ሽቦዎች በኩል ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ፋኑ ይዘገያል። 4 ላይ ግን ሬዚስተሩን ዘሎ በቀጥታ ይሄዳል። ሦስቱ ሞተው 4 ብቻ ሲቀር ሬዚስተሩ ተበጥሷል ማለት ነው፣ ቡራዩ ልክ ነው። ስትመቺው የሚነሳው ነገር ግን ሌላ በሽታ ነው። እሱ የፋኑ ሞተር ካርቦን ነው፣ ኤሌትሪኩን ለሚዞረው ክፍል እየነካ የሚያቀብለው ትንሽ ቁራጭ። ካርቦኑ ሲያልቅ ስፕሪንጉ ገፍቶ አያደርሰውም፣ ስትነካኪው ለጊዜው ይገናኛል።

ሁለቱ ደግሞ የተያያዙ ናቸው፣ ቡራዩ አንተም ስማ። ሬዚስተሩ የተቀመጠው ፋኑ በሚነፋበት መተላለፊያ ውስጥ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በዚያው ነፋስ ነው። ሞተሩ ሲደክም ወይም ቆሻሻ ሲይዘው ብዙ ኤሌትሪክ ይስባል፣ የሚነፋው ግን ትንሽ ነው። ሬዚስተሩ በሁለት በኩል ይጋላል ማለት ነው። ደካማው ሞተር እዚያው እያለ መቶ ሬዚስተር ብትቀያይሩ መቶውንም ያቃጥለዋል።

አፈታተሹ እንዲህ ነው። ኪሱን አውጪው፣ ዳሽቦርዱን ማንም አይንካብሽ። ከጀርባው ክብ የፕላስቲክ ቤት ታያለሽ፣ ሞተሩ እዚያ ነው። ሶኬቱን ንቀዪና ፊውዝ ባለው ሽቦ ከባትሪ በቀጥታ ስጪው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ካቀያየርሽው ወደ ኋላ ዞሮ ደካማ ነፋስ ነው የሚሰጥሽ፣ አትደናገጪ። ደጋግመሽ ስትሞክሪው ሳይነካ ወዲያው ከተነሳ ሞተሩ ደህና ነው፣ ችግሩ ማብሪያው ወይም ማሳው (ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው ኔጋቲቭ ሽቦ) ጋ ነው። ካልሆነ ከሥሩ ብሎኖቹን ፈትተሽ አውርጂውና በእጅሽ አሽከርክሪው። ከበደሽ? የገባበት ቆሻሻ ካለ ፈልጊ። የሬዚስተሩን ሶኬትም አገላብጠሽ እይ፣ ቡናማ የሆነ ፒን ካለ ጥፋቱን እዚያ ታገኚዋለሽ።

ለገጣፎ፦

ጋሼ ያሉትን እደግፋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። መስታወቱ ላይ የሚይዘው እንፋሎት በጣት ሲነካ ቅባት ቅባት ካለና ጣፋጭ ነገር ከሸተተሽ የሂተሩ ትንሿ ራዲያተር እያፈሰሰች ነው፣ ያኔ ፋን ብትቀይሪም አይጠራም። እስክትሠሪው ድረስ የሁለቱንም በር መስታወት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጊ፣ አየሩንም ከውጭ በሚያስገባው ላይ አድርጊው። የረጠበ ምንጣፍ መኪና ውስጥ አታሳድሪ።

የሱሉልታዋ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፊውዙን ያን ዕለት ማታ በባትሪ መብራት እያየሁ ቀየርኩት። ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ፈታነው።

ከባትሪ በቀጥታ ስንሰጠው አንዴ ይነሳል፣ አንዴ እምቢ ይላል፣ ልክ እርስዎ እንዳሉት። አውርደን ስናየው የፋኑ ክንፎች መሃል በባሕር ዛፍ ቅጠል ተጠቅጥቋል። ለካ ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው ወንፊት ነው የሚገባው፣ ቤቴ በር ላይ የማቆማት ደግሞ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ዱቄት የሆነም ነበረበት። ከካርቦኖቹ አንዱ የሽንብራ ፍሬ ታክል ነበር የቀረችው፣ ስፕሪንጉ ሞተሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

የሬዚስተሩ ሶኬት አንድ ጎኑ ቀልጦ ከፒኑ ጋር ተጣብቋል። ወንድሜ በፒንሳ ነው ያላቀቀው። ፎቶ አንስቼ ለዚያ ጋራዥ ላኩለት፣ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደግመው ብዬ ነው።

አዲስ ሞተር አጣሁ። ሶማሌ ተራ አንድ አባት ሰፋ ያለ ካርቦን አምጥተው በሞረድ እየሞረዱ ልኩን አወጡለት፣ ሞተሩ ላይ የጠቆረውንም በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አጸዱልኝ። ሬዚስተርና ሶኬት ከነሽቦው ከፈረሰ መኪና ገዛሁ።

የድሮ ኤሌትሪክ ሠራተኛ፦

ጎበዝ። የተሞረደው ካርቦን ቤቱ ውስጥ ሳይጨናነቅ ወዲህ ወዲያ ማለት አለበት፣ አረጋገጥሽ? ወንፊቱም ላይ ከውስጥ በኩል ቀጭን የሽቦ መረብ አድርጊበት፣ ያለዚያ ለመስከረም ተመልሶ ይሞላል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሶኬቱን በእጅሽ እየዳሰስሽ እይ፣ ለብ ማለት ያለ ነው፣ የሚያቃጥል ከሆነ ግን አጥፊና ጻፊልኝ።

የሱሉልታዋ፦

አረጋግጫለሁ፣ በደንብ ይንሸራተታል። መረቡን ዛሬ ማታ እገጥማለሁ። ጠዋት ፋኑን 3 ላይ አድርጌ ወጣሁ፣ ሶኬቱ ለብ ብቻ ነው ያለው። ቁልቁለቱን ሳልጀምር መስታወቱ ከታች ወደ ላይ እየጠራ መጣ። ፎጣው የኋላ ወንበር ላይ ነው።

ቡራዩ ኮሮላ፦

እኔም እሁድ የራሴን አወርዳለሁ። ጋሼ፣ ካርቦኑ ስንት ሚሊ ሲቀረው ነው የሚቀየረው?