ነፍስ አለኝ ወይስ ነፍስ ነኝ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ዘመዴ «መጽሐፍ ቅዱስን በዕብራዊ አስተሳሰብ ካላነበብሽ ገና አልገባሽም» እያለ ያስቸግረኛል። ዋና ማስረጃው ዘፍጥረት 2፥7 ናት። ዕብራይስጡ ሰው ነፍስ «ሆነ» ይላል እንጂ ነፍስ «አለው» አይልም ባይ ነው። እኔ ያለኝ የ1954ቱ አማርኛ ግን «ሰውም ሕያው ነፍስ ያለው ሆነ» ይላል። «ያለው» የምትለዋ ከየት መጣች?

ፊደል ቆጣሪ፦
እዚህች ላይ ዘመድሽ ልክ ነው። ዕብራይስጡ «ለነፌሽ ሐያ» ነው። እንዳለ ሲመለስ «ሕያው ነፍስ ሆነ» ማለት ነው። «ያለው»ን የጨመሩት ተርጓሚዎቹ ናቸው።

ትንሽ ቃል ናት፤ ግን ብዙ ታዛባለች። «ያለው» ሲባል ሰውየው ሌላ፣ ነፍሱ ሌላ ይሆናሉ። ደግሞ ምዕራፍ 1፥20ን ተመልከቺ። ውኃ ውስጥ ስለሚርመሰመሱት ፍጥረታትም ያው «ነፌሽ ሐያ» ተብሏል። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ሰውን ከዓሣ አይለይም።

ነፌሽ በብሉይ ኪዳን ከ700 ጊዜ በላይ ይገኛል። ትርጉሙም እንደየቦታው ይለያያል፤ እስትንፋስ፣ ሕይወት፣ ምኞት፣ ሰው፣ «እኔ»። አንዳንዴም ጉሮሮ ነው። በአካድኛና በኡጋሪትኛ፣ በጥንቶቹ የዕብራይስጥ ዘመድ ቋንቋዎች፣ ያሉት ዘመዶቹም የጉሮሮ ትርጉም አላቸው። እስቲ በዚህ መዝሙር 69ን አንብቢው፤ «ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና አድነኝ»። ሰውየው እየሰጠመ ነው። ውኃው አንገቱ ጋ ደርሷል። መዝሙር 42 ላይም ዋላዋ ውኃ ስትናፍቅ ነፍስ ትጠማለች። የተጠማ ጉሮሮ ሲታሰብሽ ግጥሙ ሌላ ጣዕም ይኖረዋል።

ለዘመድሽ የሚመቸው ግን ዘኍልቍ 6፥6 ነበር። ናዝራዊው፣ ማለትም ራሱን በስእለት ለእግዚአብሔር የለየው ሰው፣ ወደ ሬሳ እንዳይቀርብ ሲከለከል፣ ዕብራይስጡ ሬሳውን «ነፌሽ ሜት» ይለዋል። የሞተ ነፍስ! ነፌሽ ሁልጊዜ የማይሞተው የሰው ክፍል ቢሆን ኖሮ ይህ አባባል ትርጉም ባልሰጠ።

ደግሞ የእኛ አማርኛ ከዚህ ብዙ አልራቀም። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተሽ ገበያ ግቢ። «ነፍስ ያላወቀ ልጅ»፣ «ነፍስ ዘራሁ»፣ «ነፍሱን ሳተ»፣ «ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ፈረጠጠ»። ሁሉም ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ሕይወትና ስለ ልቡና ነው የሚያወሩት። «ነፍሰ ገዳይ»ንም አስቢው። ሕይወት ያጠፋ ሰው ነው። ግን ማቴዎስ 10፥28 ሰው ነፍስን መግደል አይችልም ይላል! ሁለቱንም አንድ ቀን ሰምተን ግራ አይገባንም። አንዱን ቃል በሁለት ትርጉም ይዘነው እንኖራለን።

ከሐይፋ፦
ትንሽ ልጨምር። እዚህ እስራኤል የቤተሰብ ብዛት ሲቆጠር «አምስት ነፋሾት» ይባላል፣ አምስት ሰው ለማለት። በዜና «ቶጻር ለነፌሽ» ሲሉ ደግሞ የእኛው የነፍስ ወከፍ ምርት ነው። መጀመሪያ ስሰማው ብቻዬን ስቄያለሁ። «ፒኩአሕ ነፌሽ» የሚባል ሕግም አለ። ሕይወት ለማዳን ሲሆን ሰንበት ይሻራል ማለት ነው። አምቡላንሱ በቅዳሜ የሚነዳው በዚህ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
የቃሉ ትንታኔ ያስደስታል፤ መደምደሚያው ላይ ግን አትቸኩሉ። የግዕዙ ብሉይ የተተረጎመው ከሰብዓ ሊቃናት፣ ከጥንቱ የብሉይ ኪዳን የግሪክኛ ትርጉም ነው። ነፌሽ በግሪክኛ «ፕሲኬ» ሆነና እንደገና «ነፍስ» ሆኖ ወደ ሴማዊ ቤቱ ተመለሰ። መንገድ ላይ የሰማውን ሁሉ ይዞ መጥቷል። አባቶች ስለ ነፍስ ሲያስተምሩ መዝገበ ቃላት እያነበቡ አይደለም። ሐዲስ ኪዳንም አለ። መክብብ 12፥7ንስ ምን ልታደርጉት ነው? «ነፍስም ወደ ሰጠው ወደ እግዚአብሔር ሳይመለስ» ይላል።

ፊደል ቆጣሪ፦
የመክብቧ ጥቅስ ዕብራይስጥ «ሩአሕ» ነው እንጂ ነፌሽ አይደለም። መንፈስ፣ ነፋስ፣ እስትንፋስ የሚባለው። አማርኛው እዚያ «ነፍስ» ብሎ መለሰው። እንዲህ እያለ ነው ሁለት የዕብራይስጥ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ውስጥ የገባው።

የሐዲስ ኪዳኑን ነጥብ ግን እቀበላለሁ። በጌታ ዘመን አይሁድ ራሳቸው ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ ብዙ ሐሳብ ነበራቸው፤ ሰዱቃውያን ትንሣኤ የለም ይላሉ፣ ፈሪሳውያን አለ ይላሉ። ታዲያ «ዕብራዊ አስተሳሰብ» ስንል የማንን ነው? የኢዮብን? የዳንኤልን? የፈሪሳዊውን? በዚህ ስም የሚሸጠው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ሰባኪ ራሱ የወደደው ትምህርት ነው፣ ላዩ ላይ ሦስት የዕብራይስጥ ቃል ተነስንሶበት። የብሉይ ኪዳን ምሁሩ ጄምስ ባር በ1961 እ.ኤ.አ. ይህን አጥብቆ ተችቷል። የአንድን ሕዝብ እምነት ከቃል ሥርና ከሰዋስው መምዘዝ አይቻልም፤ ትርጉም የሚገኘው ከዓረፍተ ነገሩ ነው አለ። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። «ነፌሽ ጉሮሮ ነው» ብሎ ሁሉም ቦታ ጉሮሮ የሚያነብ ሰው፣ ሐና በ1ኛ ሳሙኤል 1፥15 «ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስሁ» ስትል ምን ሊላት ነው?

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ፤ ለዘመዴ ግማሹን ብቻ ነው የምነግረው 😄 «ነፍስ ይማር»ስ? በዕብራይስጡ ሊፈታ ይችላል?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እሱን እንኳ ተዪው፣ እህቴ። ሟች በእግዚአብሔር ፊት ምሕረት እንዲያገኝ የሚለመን ጸሎት ነው። እዚያ ነፍስ ማለት ቤተ ክርስቲያን የምትለው ነፍስ ናት። ጉሮሮ ይማር አይባልም።